መፋቂያ የሚመረምሩ አባት

ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ጎንደር የጤና ትምህርቴን እንደጨረስኩ ትክል ድንጋይ ተመደብኩ። ሥራዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ እናቶችን ማስተማር ነበር። ስለ ምንጭ ውሃ ስናገር ይሰሙኛል፤ ስለ ቁስልም ይሰሙኛል። የልጆቻችሁን ጥርስ ማታ ማታ ራሳችሁ ፋቁላቸው፣ ትንሽ ልጅ ብቻውን አይችልም ስል ግን ይስቃሉ። መፋቂያማ የጎረምሳና የኮረዳ ነው፤ ለበዓልና ለገበያ ቀን ጥርስ ማንጫ። የሕፃን ጥርስ ምን አስጨነቀሽ፣ ወድቆ ይበቅል የለም ወይ ይሉኛል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ቅቤና ማር ጎንደር እየወሰዱ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አገሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። በስተርጅና ያገኟት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስድስት ዓመት አልፏታል። ከጎንደር በተመለሱ ቁጥር ከቦርሳቸው ከረሜላ አይጠፋም። የልጅቱ የፊት ጥርሶች ጠቋቁረው አልቀዋል። እነሱስ ይሁኑ፣ የወተት ናቸው። እኔን ያሳሰበኝ ከሁሉም ኋላ አዲስ ብቅ ያለው መንጋጋ ነበር። እሱ የወተት አይደለም፤ ከወለቀ ወለቀ ነው፣ ሌላ አይተካም። ይህንን ለአባትየውም ለእናትየዋም ነገርኩ። ደግሜ ነገርኩ። አያ ሳቁብኝ፤ ይች ሕፃን የባልቴት መንጋጋ ከየት አመጣች አሉ።

ብነዘንዛቸው ጊዜ ከወይራ መፋቂያ ቆርጠው ለልጅቱ ሰጧት፤ ማታ ማታ ሊቆጣጠሯትም ቃል ገቡ። እውነትም ተቆጣጠሩ። ከራት በኋላ ይጠሯታል፣ መፋቂያውን ታቀርባለች፣ ጫፉን አገላብጠው ያያሉ። ረጥቦና ተበጣጥሶ ካገኙት "ሸጋ" ብለው ይመርቋታል። አፏን ግን አንድ ቀን እንኳ ክፈቺ አላሏትም። እኔ ከዳር ሆኜ እርር ድብን እላለሁ። የሚበሰብሰው ጥርሷ እንጂ መፋቂያው አይደለም ብላቸው፣ እኔ የማየውን አውቃለሁ ብለው ዘጉኝ።

አንድ ቀን ልጅቱን ከጓሮ አገኘኋት። የመፋቂያዋን ጫፍ በድንጋይ ትቀጠቅጣለች፤ ስታበቃ በእንስራ ውሃ ነከር አደረገችው። በቁጣ ሄጄ ለአያ ነገርኩ። እሳቸው ሆዬ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ብልህነቷ አኩርቷቸው ለመጣው እንግዳ ሁሉ አወሩት።

ወደ እናትየዋ ዞርኩ። ልጅቱን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ፣ ራሷን ወደ ኋላ አስደግፋ፣ ለስላሳ መፋቂያ በጨው ውሃ እየነከረች እንድትፍቅላት አሳየኋት። ልጅቱ የሚያርዷት ይመስል ጮኸች። አያ ከደጅ ተወርውረው ገቡ።

"ምነው ልጄን ታስለቅሻታለሽ?" አሉ። የተናገሩት ለሚስታቸው ነው፤ የሚያዩት ግን እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲያ እናትየዋ መፋቂያውን አልነካችም። ባሏንና ልጇን ከምታስቀይም እኔን ማስቀየም ይቀላታል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ተረቱ የማይነግረን፣ መከራው በሌላ ሰው ጉንጭ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የልጅቱ ጉንጭ አበጠ፤ እህል አልቀምስ አለች። በበቅሎ ጎንደር ወሰድናት፤ ሐኪሙ ያንን መንጋጋ ነቀለው። አያ ጥርሱን በመሐረብ ቋጥረው አመጡና ቤት ስንደርስ እንደ ወጉ ለልጅቱ ሰጧት። እሷም ጣራው ላይ ወርውራ፣ አሮጌውን ውሰድ አዲሱን ስጠኝ አለች። አባቷም አብረዋት አሉ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ፤ ሁለቱም ላይ መጮህ አሰኝቶኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ከራት በኋላ መፋቂያዋን እንደያዘች ወደ ክፍሌ ትመጣ ጀመር። ስንት ለምኜ ያልተከፈተልኝ አፍ አሁን ወለል ብሎ ይከፈታል። በቀለ ወይ ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ፤ እውነቱን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። አንድ ምሽት አያ ከኋላዋ ቆመው ሲሰሙ አየኋቸው። ትዕግስቴ አለቀና እንግዲህ እርስዎ ይንገሯት አልኳቸው።

ኩራዙን አንስተው ጎንበስ አሉ። የልጃቸውን አፍ ውስጡን ሲያዩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

"ከቀሩትስ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የማይተካው የትኛው ነው?"

በጣቴ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ልጅቱ አፏን እንደከፈተች አባቷን ቀና ብላ ታያለች፤ መልሱን ከእሳቸው ትጠብቃለች። አያ ግን ኩራዙን ለእኔ አስያዙኝና መፋቂያውን ከእጇ ተቀበሏት።