መምህሩ የዘለሉት ትርጉም

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ ወደ ከተማ ስገባ፣ ታክሲው ውስጥ አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ የድሮ የሙዚቃ ፊልም ከፈተች። ቫዮሊኑን ስሰማ የእርጥብ አፈርና የአከራያችን በረት ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ወራጅ አለ ማለቱን ረስቼ መውረጃዬን አለፍኩት።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከደቡብ የመጣ ግንበኛ ነው፤ እዚያው ቡራዩ የአንድ ኦሮሞ አዛውንት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አዛውንቱ ቴሌቪዥናቸውን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡልናል፤ ተከራዩ ሁሉ በርጩማውን ይዞ ይወጣል። ጎረቤታችን መምህሩ እንግሊዝኛውን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይተረጉማሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከተዋናዮቹ ይልቅ የምናደንቀው እሳቸውን ነበር።

በዚያ ሰሞን ወጣቶች ደብተር ይዘው በየግቢው እየዞሩ ማን ከየት እንደመጣ ይመዘግባሉ የሚል ወሬ ሰፈሩን ይዞት ነበር። አባቴ ፍራሹን በገመድ አስሮ ለእሁድ የጭነት መኪና ተነጋግሯል። እኔ መሄድ አልፈለግኩም። አፌን የፈታሁት እዚያ ግቢ ነው፤ ወዴት ነው የምሄደው?

የዚያ ቅዳሜው ፊልም፣ ታክሲው ውስጥ የሰማሁት ቫዮሊን ያለበት፣ ስለ አንድ መንደር ዘፋኞች ነበር። እስከ ግማሹ ሲጨፍሩና ሲዋደዱ እያየን ሳቅን። ከዚያ ዘፈኑ ተቋረጠና ባለ መሣሪያ ሰዎች የአንድ ዳቦ ጋጋሪ በር ደበደቡ።

«ማል ጄዴ?» አሉ አከራያችን፤ ምን አለ ማለታቸው ነው።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እ... ዳቦ አለ ወይ ነው የሚሉት።»

እንግሊዝኛ ከእሳቸው የተማርኩት እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ውሸት! ጎረቤቶችህ ከየት የመጡ ናቸው ነው ያሉት!»

እናቴ ጭኔን መዘለገችኝ። መምህሩ እንዳንፈራ ብለው እንጂ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አልነበረም። አዛውንቱ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ጨርሺው። አንድም ቃል እንዳታስቀሪ።»

እስከ መጨረሻው ተረጎምኩት። ዳቦ ጋጋሪው ፈርቶ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠቆመ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሲዘፍኑ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር።

አዛውንቱ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አባቴ ፊት ቆሙ። «እኔን እንደዚህ ሰውዬ ነው የምታየኝ?»

«ኧረ ኦቦ! እርስዎን አይደለም የፈራሁት።»

«እንግዲያው ያንን ገመድ ፍታ።»

አባቴ ከበርጩማው ተነሳ። ከዚያ ገብቶ ፈታው።

ወሬው እውነት ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ወጣቶች መጡ። አዛውንቱ ከማለዳው ጀምረው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከቆርቆሮው ኋላ ሆኜ ኦሮምኛቸውን እሰማለሁ።

«እዚህ ስንት ቤተሰብ አለ?»

«አንድ። አባወራው እኔ ነኝ።»

«ተከራዮቹስ?»

«አንድ አልኩህ እኮ ልጄ። ያንኑ ጻፍ።»

አልጮኹም፣ ከመቀመጫቸውም አልተነሱም። ደብተር የያዘው ልጅ ጓደኞቹን አየ፣ ጻፈ፣ ሄዱ። እኛ እስከ ዛሬ እዚያው ነን፤ ማንም ተነቀሉ ቢለን የምንነቀል አይደለንም።

አዛውንቱ አምና ዐረፉ። ለቅሶው ላይ አባቴ ድንኳኑ ዳር ሊቀመጥ ሲል ታላቅ ልጃቸው ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ ወሰደውና ከወንድሞቹ መሀል አስቀመጠው። ለቀስተኛው ተራ በተራ እየመጣ እጁን እየጨበጠ፣ «የአባትህን ነፍስ ይማር» አለው። አባቴም ለእያንዳንዱ «አሜን» እያለ ተቀበለ።