ሲያርፍ የሚተው እግር

የሱሉልታው ሯጭ ሞቱማ አመመኝ ሲል የሚያምነው አልነበረም፤ በሽታው ራሱ ውሸታም ነበርና። ሶምሶማ ሲሮጥ ደህና ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ግራ ጭኑ ይቃጠላል፣ እግሩ ደንዝዞ የሰው እግር ይሆንበታል። ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይተወዋል።

አሰልጣኙ አሥራት፣ "የታመመው እግርህ አይደለም፣ ልብህ ነው" አለው። ወጌሻ አሸው። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ አስተኝተው ነካኩትና "ጤነኛ ነህ" ብለው ሰደዱት። ተኝቶማ ምኑን ይታመማል። ሚስቱ ማሪቱ ብቻ ማታ ማታ ጭኑን እያሸች "እኔ አምንሃለሁ" ትለው ነበር። እውነቱን ለመናገር እሷም የምታምነው በግማሽ ልቧ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያገኙት አንድ ዶክተር ነገሩ ገባው። "ስትፈጥን ወደ እግርህ የሚወርደው ደም ሥር ይጠብና ደም አይደርስም። ስታርፍ ይከፈታል። መታየት ያለብህ ልክ ሮጠህ እንዳቆምክ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል" አለው። ሞቱማ ታክሲ ውስጥ አለቀሰ። ታመሃል ተብሎ ደስ ያለው ሰው ማሪቱ ያን ቀን አየች።

ለምርመራው የተቀጠረለት ቀን መንገድ ተዘጋ። 2008 ዓ.ም. ነው፤ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከተማውን አናውጦት ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ጠፋ። ሞቱማ "ተከፍቶ እንደሆነ ልየው" ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ተኩስ ተሰማ።

ጎረቤቷ ሰብለወርቅ እየሮጠች ገብታ "ሞቱማስ?" አለቻት።

"ለእሱ አታስቢ፣ እሱ ሯጭ ነው" አለች ማሪቱ። ከዚያ በሩን ዘግታ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ስትጸልይ ቆየች። ለእሱ አልጸለየችም።

ሕዝቡ እግሬ አውጪኝ ሲል ሞቱማ ከፊት ነበር። ከኋላው የነበሩት ሲያነክስ፣ ከዚያም ጭኑን ይዞ መንገድ ዳር ሲቀመጥ አዩት። ሊያነሱት ቢሞክሩ በኦሮምኛም በአማርኛም "ዴማ፣ ሂዱ፤ ትንሽ ልረፍ፣ ይተወኛል" አላቸው። ጥይቱ ያገኘው እንደተቀመጠ ነው።

አሥራት ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አቀርቅሮ አነባ። "እሱን የመሰለ ሯጭ እንዴት ማምለጥ ያቅተዋል?" አለ።

ማሪቱ ቀና ብላ አየችው።

"ነግሮዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ" አለችው። "ለእኔም ነግሮኝ ነበር።"