የቀንዱ ጫፍ

በ1967 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያን ዘመን ለማንም አላወራሁም፤ የጠየቀኝም የለ። ባለፈው ሳምንት ግን ልጄ ዘሃራ ከኳታር ተመልሳ በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። በሠራተኝነት ስትወለውለው በኖረችው ቤት፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ የዝሆን ጥርስ ቅርጾች ናቸው።

«አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?»

«አንዱን በእጄ ይዤዋለሁ» ስላት ሳቀችብኝ።

እውነቴን ነው። አባቴ ሐይቅ ከተማ ዳር ከበሬ ቀንድ ዋንጫ ይሠራ ነበር፤ እኔንም አስተማረኝ። እስላሞች ነን፣ ጠጅ አንቀምስም፤ የአምባሰል ጌቶች ጠጅ የሚጠጡበት ዋንጫ ግን ከእኛ ቤት ነበር የሚወጣው። ቤታችን የተቃጠለ ቀንድ ስለሚሸት ጎረቤት ብዙ አይገባም። አባቴ ሞተ። ወንድሜ ሰይድ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ፣ ወሬውም ጠፋ። የካቲት ላይ መሬት ለአራሹ ተባለና ጌቶቹ ሸሹ። ዋንጫ የሚገዛኝ ቀርቶ ሰላም የሚለኝ አጣሁ። የሐይቁን ዓሣ ጠብሼ ብቻዬን እበላለሁ፤ አጥንቱን የምወረውርለት ድመት እንኳ አልነበረኝም።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደጄ ላይ ቆመ።

«አንተ የቀንድ ልጅ! መሬት ከፈለግህ ነገ ጠዋት መጥተህ ተመዝገብ። ያን ሞረድህን ግን ጥለኸው ና። የጌታ ዋንጫ ሠሪ እኛ ዘንድ አይቆጠርም።»

መሬት ካላገኘሁ የምበላው የለኝም። የአባቴን ሞረድ ከጣልኩ ደግሞ ከሰዎቼ ምን ቀረኝ?

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሴው ሊሰናበተኝ መጣ። ሙሴ የምንለው የሐይቁን ዓሣ ሊያጠና የመጣ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ እሱንም ከአገር ውጣ ብለውታል። ከኪሱ ትንሽ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ዓሣ ታቅፎ የተኛ ሽማግሌ፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ። ገለበጥኩት። ማንም በማያየው በእግሩ ሥር እንኳ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወጥተዋል። ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው።

«የጃፓን ነው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «ልብሳቸው ኪስ የለው። ከረጢት በገመድ፣ ገመድ በዚህ፣ ይሄ መቀነት ላይ።»

«እንደኛ ሽርጥ በሉኛ!»

«አዎ። በኋላ እዚያም ለውጥ መጣ። ሱሪ ለበሱ፣ ኪስ አገኙ። ይሄ ሥራ ፈታ። የኔ አያት፣ ጓደኞቹ፣ በጣም ወደዱት። በቅርጫት ገዝተው አገራቸው ወሰዱ። ስለ እሱ ብቻ ነበር ወሬያቸው።»

«ሠሪውስ? ሥራው ሲቀርበት ምን አደረገ?»

ቅርጹን ከመዳፌ አነሳ። «አላውቅም። ማንም አልጠየቀ።»

«እንዴት አይጠይቁም? ምን ዓይነት ወዳጆች ናችሁ አንቱ!» አልኩት ተቆጥቼ።

«ይማም፣ አንተ ክፉ ነህ» ብሎ ሳቀ። ጨበጠኝና ዕቃውን ይዞ ሄደ። የደሴው አውቶቡስ አቧራ እስኪረግፍ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር።

የኳታሩ ቤት ባለቤትም ስለ ሠሪዎቹ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም ትላለች ዘሃራ። ያን ጃፓናዊ ዛሬም አስበዋለሁ። ሥራው በቀረ በማግስቱ ምን እንዳደረገ የጻፈለት የለም። እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ የራሴን ግን እጽፋለሁ።

ሙሴው በሄደ በማግስቱ ጠዋት ከጓሮ አንድ የቀንድ ጫፍ አነሳሁ። ለዋንጫ የሚሆነው ክፍቱ ወገን ነው፤ ጫፉ ድፍን ስለሆነ እንጥለዋለን። ቆረጥኩት፣ ወስፌ አግዬ ሁለት ቦታ በሳሁት። የአባቴን ሞረድ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፣ ከረጢቱን በጠፍር አስሬ ጠፍሩን ከመቀነቴ ሥር አሳለፍኩና በቀንዱ ቀዳዳዎች አስገብቼ ከላይ ያዝኩት። ሄጄ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

ተራዬ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ወገቤን አየ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኪስ የሌለው ሰው ማንጠልጠያ ነው» አልኩት። «ጌቶች አያውቁትም። ሞረዱም ውስጡ ነው፤ ወላሂ፣ አልጥለውም።»

አንገቱን ነቀነቀና ጻፈኝ።