ሥራ የሌላት የመሰለች ሽቦ

ዛሬ ጠዋት ጠጋኙ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችንን ጀርባ ሲከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከሞተሩ አጠገብ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አየሁ። ያችን ሽቦ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

እናቴ ቢቸና ውስጥ በአንድ አልጋ ቤት አንሶላ ታጥብ ነበር። ማሽን ሲገባላት እጄ ከበረኪና ተገላገለ ብላ ደስ አላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንሶላ ልታወጣ የማሽኑን በር ስትይዝ ኮረንቲ ገደላት።

ከቀብሯ በኋላ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሽኑን ሊያዩ ከሞጣ መጡ። ጀርባውን ፈቱና፣ "የውሃ ማሞቂያው ሽቦ ረጥቦ ኮረንቲው ወደ ማሽኑ ቆርቆሮ ወጥቷል" አሉ። ከዚያ በገመዱ ጫፍ ያለውን ስፒና ሲፈቱት አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ ተቆርጣ አገኟት።

"ይቺ የመሬት ሽቦ ናት" አሉኝ። "እንዲህ ያለውን ኮረንቲ ወደ መሬት የምታወርደው እሷ ነበረች።"

"ማን ቆረጣት?" አልኳቸው።

"ማሽኑ ያለ እሷም ይሽከረከራል፣ ልጄ። የቆረጣት ሰው ሥራ የሌላት መስሎት ነው።"

አጠገቤ የቆመው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዞረ። ማሽኑን የገጠመው እሱ ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም፤ እንባም አልመጣልኝም። ጋሽ ተሰማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲመልሱ አይ ነበር።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው። አስተማረኝ፣ ዳረኝ። ያን ቀን አንስተነው አናውቅም።

ዛሬ ጠጋኙ ከሄደ በኋላ አጎቴ ደወለ።

"ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ።

"የልብስ ማጠቢያው ተበላሽቶ ሳሠራ ነበር" አልኩት።

"እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?" አለኝ።

ስለ ዝናቡ ነገርኩት።