አንድ ቲዩብ ለዘጠኝ ፊት

አኬሎ አማርኛ ስትማር ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባት ቃል «ወዝ» ነበር። የአኙዋ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ቤት ውስጥ አኙዋኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ አማርኛ ትናገራለች። አሥራ አራት ዓመት እንደሞላት ፊቷን ብጉር ወረረው። ግንባሯ፣ ጉንጮቿ፣ አገጯ ሳይቀር አባብጦ ሲነካ ያማት ጀመር። በዚያ ሰሞን ጎረቤታቸው እትዬ አባይነሽ እናቷን ሊያጽናኑ፣ «ምን ያሳስብሻል፤ ልጅሽ ወዛም ናት፤ ወዝ ያለው ፊት ቶሎ አያረጅም» አሏት። አኬሎ መመስገኗ ገብቷት ደስ አላት። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ ነርሱ ፊቷን አየት አድርጎ «ወዝሽ በዝቶ ነው» አላት። ቃሉ ያው ነው፤ አሁን ግን በሽታ ሆኗል።

«የጥርስ ሳሙና ቀባሁት፤ በሎሚ አሸሁት፤ አመድም ሞክሬያለሁ» ትላለች አሁን እየሳቀች። ከሁሉ የከፋው ግን ከሱቅ የተገዛው፣ ፊት ያቀላል የሚባለው ክሬም ነበር። በሁለት ሳምንት ብጉሩ ጠፋ፤ ክሬሙ ሲያልቅ ግን እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የተቀመጠችው ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ተጠቅልላ ነው። ፈታኙ መልኳን ከፎቶዋ ጋር ለማመሳከር ሻርፑን አውርጂ ሲላት አለቀሰች። በኋላ አንዲት ጤና ረዳት ክሬሙን አስጣለቻት፤ ፊቷም ከዓመት በላይ ፈጅቶ ጠራ። ግራ ጉንጯ ላይ ሦስት ትንንሽ ጠባሳዎች ብቻ ቀሩ።

አድጋ ነርስ ሆነች። ከተማው ውስጥ የቆዳ ክሊኒክ ተከፍቶ ሠራተኛ ሲፈለግ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። እዚያም ስድስት ዓመት ከሠራች በኋላ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ ሕይወቷን ያነቃነቀው ጥናት መጣ።

ጥናቱን ይዛ የመጣችው ዶክተር ሀኒ ናት፤ ከአዲስ አበባ በየወሩ የምትመላለስ የቆዳ ሐኪም። ከቆዳ ሥር ያሉት የወዝ ዕጢዎች ከልክ በላይ እንዳያመነጩ የሚያደርግ አዲስ ክሬም በብጉር ሕመምተኞች ላይ ሊሞከር ነው። በሌሎች አራት ከተሞችም ይሞከራል። ጋምቤላ የተመረጠችው በሙቀቷ ነው፤ እዚህ ፊት ሳይወዛ የሚውልበት ቀን የለም። ለመጀመሪያው ዙር አርባ ስምንት ሰው ተመዘገበ። አስተባባሪዋ ሲስተር አኬሎ ሆነች።

በመጀመሪያው ቀን ሰዎቹን ሰብስባ አስረዳቻቸው። «ከቲዩቦቹ ግማሾቹ መድኃኒት አላቸው፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተራ ቅባት ናቸው። መልካቸው አንድ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ዶክተር ሀኒም አታውቅም።»

ኩዎል የሚባል የባጃጅ ሹፌር ከኋላ እጁን አወጣ። «ታዲያ ማን ያውቃል ሲስተር?»

«አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር።»

«እሱ ብጉር የለበትም፤ ምን ቸገረው!» አለ ኩዎል፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅጹን ግን ከሁሉ ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ለአሥራ ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ፊትን መታጠብ፣ ከዚያ ክሬሙን ስስ አድርጎ መቀባት፤ ከሱቅ የሚገዛ የፊት ክሬም ሁሉ ይቀራል። በየአራት ሳምንቱ ቲዩቡ ይመለስና ይመዘናል፤ ክብደቱ ሰውየው በትክክል መቀባቱን ይናገራል።

ከተመዘገቡት አንዷ ኛጃል ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ድምፅ። ፊቷን በእጇ ሸፍና ማውራት የለመደች ልጅ ስለነበረች አኬሎ ገና ከበሩ ስትገባ አወቀቻት፤ በልጅነቷ ራሷም እንዲሁ ነበረች። ኛጃል በአራተኛው ሳምንት ቲዩቧን ስትመልስ አኬሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሚዛኑ የባዶ ቲዩብ ክብደት አሳየ። ቲዩቡ ከታች እስከ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፉ ሳይቀር ተጠርጓል። ቢያንስ ግማሹ መትረፍ ነበረበት።

«ኛጃል፣ ስንት ጊዜ ነው የምትቀቢው?»

«ሁለት ጊዜ። እንዳልሽኝ።»

«ስስ አድርገሽ?»

«በጣም ስስ» አለች ኛጃል፤ ዐይኗ ግን ጣሪያው ላይ ነበር።

አኬሎ አዲስ ቲዩብ ሰጠቻት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በኩዎል ባጃጅ ተሳፍራ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄደች። ግቢው ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር መዘምራኑ ልምምድ ጨርሰው ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው። ኛጃል መካከላቸው ሆና ቲዩቡን ይዛለች፤ በእያንዳንዷ ጣት ጫፍ ላይ የሽንብራ ፍሬ ታህል እየጨመቀች ታድላለች። አኬሎን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አንደኛዋ ልጅ ምንም ሳይመስላት፣ «ሲስተር፣ በጣም ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ እንደ በርበሬ ይለበልባል!» አለቻት።

የኛጃል እናት ጂያት ከቤት ወጣች። ትምህርት ቤት በጽዳት የምትሠራ ኑዌር ናት። አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው የምትለው። «ግባ ሲስተር፣ ቁጭ በል» አለች ወንበር እየጠረገች።

«ማማ ጂያት፣ ክሬሙ የኛጃል ብቻ ነው እኮ» አለች አኬሎ።

ጂያት አዘነችላት። «ሲስተር፣ እነዚህ አንድ ላይ ይዘምራል። አንድ ላይ ይበላል። ፊታቸው ሁሉም ታሟል። የኔ ልጅ ብቻውን ይቀባል? ሰው ምን ይለኛል?»

አኬሎም ብትሆን በልጅነቷ ያንን ክፉ ክሬም ከሁለት እህቶቿ ጋር ነበር የተቀባችው። የዘጠኙንም ፊት አየች፤ ከመካከላቸው ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እንዳለች ጠየቀች፤ የለችም አሏት፤ ሰኞ ክሊኒክ እንዲመጡ አዝዛ ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ኩዎል በመስታወቱ አያት።

«ምነው ሲስተር፣ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ክሬሙን ለጓደኞቿ እያከፋፈለች አገኘኋት።»

ኩዎል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ለወንድሜ ትንሽ ሰጥቻለሁ» አለ።

እሑድን ስትጨነቅ ዋለች። ብትጽፈው ጥናቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ጥፋቱም የእሷ ይባላል። ባትጽፈው ደግሞ ውጤቱ ውሸት ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ስልኩን አንስታ ለዶክተር ሀኒ ደወለች።

«ዶክተር፣ ሰዎቻችን ክሬሙን እየተካፈሉት ነው። ሁሉንም ልጠይቅና ቁጥሩን ልጽፍልዎት። ከተቆጡ አሁኑኑ ይቆጡኝ።»

ዶክተር ሀኒ በረጅሙ ተነፈሰች። «አልቆጣሽም። ግን እውነተኛውን ቁጥር አምጪልኝ፤ አታሳምሪው።»

አኬሎ አንድ በአንድ ጠየቀች። እንደማትቆጣ ቀድማ ስለተናገረች ሰዉ አልደበቃትም። ከአርባ ስምንቱ አሥራ ሦስቱ አካፍለዋል፤ ለእህት፣ ለወንድም፣ ለሚስት፣ አንዱማ ለቤት አከራዩ። ሪፖርቱ ሲደርስ መድኃኒቱን የሚያስጠናው ድርጅት ጋምቤላ ላይ አዲስ ሰው መመዝገብ ለጊዜው ይቁም አለ። አኬሎም ለማስረዳት አዲስ አበባ ተጠራች።

አምስቱም የጥናት ቦታዎች የተወከሉበት ስብሰባ ነበር። ዶክተር ሀኒ «አንቺ ነሽ የምታቀርቢው» ስላለቻት ሌሊቱን ሙሉ አማርኛዋን ስታቃና አደረች። ቆማ ስትናገር ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ሚዛኑን፣ የተጠቀለለውን ቲዩብ፣ የማንጎውን ጥላ፣ የዘጠኙን ጣቶች ነገረቻቸው። ለቤት አከራዩ የሰጠውን ስትጠቅስ አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች፤ መንቀጥቀጡም ለቀቃት።

ሳቁ ሲበርድ ከሌላ ከተማ የመጣ አቤኔዘር የሚባል ነርስ ተነሣ። «እኛ ጋ የተካፈለ የለም ብለን ጽፈናል» አለ። «እውነቱን ለመናገር ግን ቤት ሄደን አላየንም። ቲዩቦቹ ቶሎ ሲያልቁ በሙቀት ፈስሶ ነው እያልን ነበር።» ሌላም ተነሣ። ከሰዓት በኋላ ችግሩ የጋምቤላ ብቻ አለመሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ቤት ሄዶ ያየው የጋምቤላው ክሊኒክ ብቻ ነበር። እገዳው ተነሣ፤ የተካፈሉት ሰዎች ውጤት ተለይቶ እንዲቆጠርና በምትካቸው አዲስ ሰው እንዲመዘገብ ተወሰነ። ደግሞ እንዳይደገም የሚያደርገውን መንገድ እንድታመጣ ለአኬሎ ተነገራት።

አኬሎ ጋምቤላ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ጂያት ሄደች። «ማማ ጂያት፣ ልጆቹን መከልከል አልችልም። እናቶቻቸውን ሰብስቤ ላነጋግር ነው። ምን ልበላቸው?»

ጂያት አሰበች። «ይሄ መድኃኒት ይሠራል አይሠራም፣ አታውቅም?»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የምንደክመው።»

«ታዲያ ይሄ ፈተና ነው!» አለች ጂያት ጭኗን መትታ። «እኔ ትምህርት ቤት አያለሁ። ፈተና ቀን ሁሉም ለብቻ ይቀመጣል። ከጓደኛው ከገለበጠ፣ መምህሩ ማን እንዳወቀ አያውቅም። ክሬም ማካፈል ኩረጃ ነው!»

በሚቀጥለው ሳምንት ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ከስልሳ የሚበልጡ እናቶች፣ አባቶችና ሚስቶች ተሰበሰቡ። ጂያት በኑዌርኛ፣ አኬሎ በአኙዋኛና በአማርኛ ያንኑ ተናገሩ። ዶክተር ሀኒም ቃል ገባች፤ በጥናቱ ያልታቀፉ ቤተሰቦች ፊታቸው ከታመመ ለብቻቸው ተመርምረው በታወቀው መድኃኒት ይታከማሉ። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ተሰለፈ፤ ከፊት የቆሙት የኛጃል መዘምራን ነበሩ። በቀጣዩ ምዘና ከልክ በላይ የጎደለ ቲዩብ የተገኘው አንድ ብቻ ነው። እሱንም ፍየል በልታው ነበር፤ ባለቤቱ ታኝኮ የቀረውን ይዞ መጣ።

ጥናቱ በዓመቱ ተጠናቀቀ። ኮምፒውተሩ ምስጢሩን ሲያወጣ መድኃኒት ያለበት ክሬም ከተራው ቅባት በግልጽ በልጦ ተገኘ። ተአምር አይደለም፤ ከሦስት ሰው ሁለቱን ረድቷል፤ ቀሪውን አንድ እምብዛም። ኩዎል ከተረዱት ወገን ነበር፤ ባጃጁ ውስጥ ሁለተኛ መስታወት ሰቀለ፤ መንገደኛ ለማየት ነው ቢልም የሚያምነው የለም።

አኬሎ የእያንዳንዱን ውጤት ስታደርስ ወደ ኛጃል ቤትም ሄደች። ልጅቷ ያን ጊዜ ፊቷ በጣም ተሽሎት ነበር። ጓደኞቿም ተሰብስበዋል።

«ኛጃል» አለች አኬሎ ሳቋን እየታገለች፣ «ያንቺ ቲዩብ መድኃኒት አልነበረበትም። ተራ ቅባት ነው።»

ሁሉም ዞረው ያቺን «እንደ በርበሬ ይለበልባል» ያለችውን ልጅ አዩ።

«ለበለበኝ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። ጂያት መጥረጊያዋን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ኛጃል እንባዋን እየጠረገች፣ «ታዲያ እኔን ምን አሻለኝ?» አለች።

«የሱቁን ክሬም ተውሽ። በቀን ሁለቴ ታጠብሽ። ጊዜውም ረዳሽ» አለች አኬሎ። «ተስፋም ራሱ ትንሽ ያክማል። ለዚህ ነው ተራውን ቅባት ከመድኃኒቱ ጋር የምናስተያየው፤ ያለዚያ ይሄንን ቅባት መድኃኒት ነው ብለን ለአገር እናድል ነበር።» ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አዲስ ቲዩብ አወጣች። ተራው ቅባት ለደረሳቸው ሁሉ እውነተኛው እንዲሰጣቸው ተወስኗል። ኛጃል ተቀበለቻትና ጓደኞቿን ዞራ አየች። ስምንቱም እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጥፈዋል።

ዘንድሮ አኬሎ ሌላ ጥናት ይዛለች፤ ፎረፎርና የራስ ቆዳን የወዝ ዕጢ መቆጣት የሚመለከት። ሥራዋ እስከ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያና እስከ መቲ ድረስ ይወስዳታል። ኩሌ ስትሄድ ጂያት አብራት ትሄዳለች፤ በአስረጂነት ተቀጥራለች። መቲ ላይ ደግሞ ቡና ገበሬዎቹ ባርኔጣችንን አናወልቅም ብለው ሁለት ቀን አስቸገሯት። በሦስተኛው ቀን ወንዳፈረው የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ምርመራ ድንኳኗ ገቡ፤ መጋረጃውን ራሳቸው ዘግተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ዓመት አሳክኮኛል ልጄ» አሏት፣ «እስቲ እዪኝ፤ እንዳትስቂ ብቻ።»

አኬሎ አልሳቀችም። ወንበር አቀረበችላቸውና መብራቱን ጠጋ አደረገች።