መሰላል ይዘው የሚቆሙት አያቴ

በጋይንት ያለው የአያቴ ቤት ከጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ቀለሙ አይቀየርም። እሳቸውም በየዓመቱ ለፋሲካ ከአርብ ገበያ ቀለም ቀቢ አስመጥተው ያንኑ ነጭ ቀለም ያስቀቡ ነበር። ቀቢው ሲሠራ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆማሉ።

«አባባ፣ ይረፉ እንጂ! የለመድኩት ሥራ ነው» ይላቸዋል።

«እናትህ አደራ ብላኛለች» ይሉታል። እናቱን አይተዋት አያውቁም።

ዘንድሮ ዐረፉ። ለተዝካራቸው ቤቱን ላስቀባ ያንኑ ቀቢ ጠራሁት። ሁለት ደረጃ ወጣ፣ ቁልቁል አየና ተመልሶ ወረደ። ግድግዳውን ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«እንደ እሳቸው የሳሳልኝ ሰው የለም» አለኝ።

መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩለት፤ ተመልሶ ወጣ። ሲመሻሽ ቤቱ ፏ ብሎ ነጣ፤ «ኑ ግቡ፣ እህል ቅመሱ» የሚለን ግን አልነበረም።