ከእግሬ አልወጣም ያለው ጫማ

ዛሬ ጁምዓ ላይ፣ የመስጂዱ ውዱ ማድረጊያ፣ ለሶላት የምንታጠብበት ቦታ፣ ተቀምጬ ጫማዬ ከእግሬ አልወጣም አለኝ።

ግራ እግሬ ያብጣል። በጥንቃቄ የሚያዝ እንጂ የሚድን አይደለም ብለውኛል ሐኪሞቹ። ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ በፋሻ ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጨው መቀነስ።

ዛሬ ግን የቆቦ ሙቀት አስመርሮኝ ፋሻውን ትቼ ወጣሁ። ረፋዱን ሙሉ ስብሰባ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ ዋልኩ፤ የቀረበውን ቋንጣ ፍርፍርም እምቢ ማለት አፈርኩ። (ያለ ጨው ቋንጣ የሚሠራ ሰው ካለ ይጠቁመኝ።)

ኹጥባው፣ የኢማሙ ስብከት፣ ተጀምሯል። ከኋላዬ ሰው ይጠብቃል። እንዳልነሳ ውዱ የለኝም፤ እንዳላወልቅ ጫማው ነክሶ ይዞኛል። ቢወልቅስ? መሥሪያ ቤት ማንም አይቶት የማያውቀው እግር ሰው ፊት ሊወጣ ነው።

ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ ሁኔታዬን አይተው፣ "ልጄ፣ እንቅደደው?" አሉኝ።

"ሰው ያየኛል፣ አባባ።"

"ይይህ። አብሽር፣ አይዞህ።"

በቢላዋቸው ጫማውን ከአፉ እስከ ጣቴ ሰነጠቁት። እግሬ ተነፍቶ ወጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየና ፊቱን አዞረ። አዛውንቱ ግን ውሃ እያፈሰሱ በጣቶቼ መሃል አጠቡልኝ።

ሶላቱን ደረስኩ። አሁን ቤቴ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ፋሻው እያላበኝ ነው የምጽፈው። ነገም ይኸው ነው፤ ከነገ ወዲያም።

እንደኔ የሚያብጣችሁ፣ በዚህ ቆላ ፋሻውን እንዴት ቻላችሁት? እግራችሁንስ መጀመሪያ ለማን አሳያችሁ?